ማር ነጋዴ ሲዲ ሲመርጥ

ቪዲዮ ሰውን ያቆያል ይባላል። አያቆይም። ከማርጀት አያድንም፣ ከመሞትም አያድንም። ይህን የምለው ፍልስፍና አምሮኝ አይደለም። ቦንጋ ባደግሁበት ቤት አያቴ ሁለት ጊዜ ስትሸብት በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዴ በሕይወት እያለች፣ አንዴ ደግሞ ከሞተች በኋላ፣ ካሴት ውስጥ።

ትዝታ የሚጽፍ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይሸተውና ሃያ ገጽ ይሞላል። እንዲህ ዓይነቱን አፍንጫ ስጠረጥር ነው የኖርኩት። ባለፈው ጥቅምት ግን እናቴ ቤት ሄጄ፣ ብርድ ልብስ ፍለጋ የቁምሣጥኑን የታች መሳቢያ ስስብ የሰም ሽታ ወጥቶ ፊቴን መታኝ፤ የሥራዬን አገኘሁ። የሻማ ሽታ አይደለም። የንብ ሰም ነው፤ ጭስ ጭስ የሚል፣ የደረቀ አበባና የእንጨት ሽታ ያለው። ከብርድ ልብሶቹ ሥር በደረቀ የኮባ ቅጠል የተጠቀለለ፣ እንደ ቂጣ ክብ የሆነ ነገር ተኝቷል። መፍታት አላስፈለገኝም። ሲዲ ነው። የመረጥነው እኔና ወንድ አያቴ አባባ ወልዴ ነን።

ነገሩ የሆነው ቦንጋ ሞባይልም ባጃጅም ሳይገባባት ነው። አጎቴ ክፍሌ በዞኑ መሥሪያ ቤት ከግምገማ ወደ አቅም ግንባታ፣ ከአቅም ግንባታ ወደ ግምገማ የሚመላለስበት ዘመን ነበር። ወቅቱ ክረምት ነው። ክረምት ስል ሌላው አገር የሚያውቀውን ክረምት እንዳታስቡ። ቦንጋ ላይ ዝናብ የሚያቆመው ትንፋሽ ለመውሰድ ነው። አልጋ ሥር የተረሳ ጫማ ይሻግታል፣ ቀበቶ ይሻግታል፤ የክፍሌ የስልጠና ሰርተፍኬት መስታወት ውስጥ እንደተሰቀለ ሻግቷል። ካሴቱም ሻገተ።

ካሴቱ የክፍሌ ሰርግ ነው። ያነሳው ከጅማ የመጣ ካሜራማን ሲሆን ሥራውን የሚወድ ሰው አልነበረም፤ ግማሹ ሰርግ የሰው ጀርባ ነው። መካከል ላይ ግን መንገድ ስቶ ይሁን ወጥ ሸቶት፣ ሰውየው ወደ ጓዳው ዳስ ይገባል። አያቴ ጀርባዋን ሰጥታ ትልቅ ድስት ታማስላለች። መብራቱ ሲያርፍባት ትዞራለች፤ ዓይኗን በክንዷ ትከልላለች፤ ጭልፋዋን እንደ ጦር ወደ ካሜራው ትቀስርና፣ «አንተ ልጅ፣ በልተሃል?» ትላለች። መልሱን ሳትጠብቅ ትስቃለች። አለቀ። ካሜራው ወደ ሚዜዎቹ ይመለሳል።

ከሰርጉ በኋላ አያቴ ቶሎ ሸበተች፤ ዓመት ሳይሞላውም ሞተች። ከዚህ ሌላ የቀረን ምስሏ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ሰው የገደለች ትመስላለች። የምናውቃት ሴት ያለችው ካሴቱ ውስጥ ብቻ ነበር።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ካሴቱ ዴክ ውስጥ ይገባል። እንግዳው የሚያየው ሙሽራዋን ነው፤ እኛ የምንጠብቀው ጓዳውን ነው። እሷ ጭልፋዋን ቀስራ «በልተሃል?» ስትል፣ አባባ ወልዴ ከዱካቸው ላይ ሆነው ሁልጊዜ ይመልሱላታል።

«በልቷል፣ በልቷል። አንቺ ተቀመጪ።»

ማንም አይስቅም። እንግዳ ከሳቀ እናቴ ቡናውን ቶሎ ታነሳበታለች።

በዚያ ክረምት መጀመሪያ ላይ ምስሉ መንጣት ጀመረ። መጀመሪያ ከላይ ከላይ እንደ ጤፍ ያለ ነጭ ነጠብጣብ ወረደ፤ ከዚያ ነጠብጣቡ ወደ መስመር ተለወጠ፤ ቀጥሎ አያቴ ሻሽ ዙሪያ የነበረው ጥቁር ፀጉር አመድ መሰለ። እንግዳ ይመጣል፣ ካሴቱ ይገባል፣ እሷም ትነጣለች። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሰው ካሴት ውስጥም ያረጃል፣ የሚያረጀውም ሲታይ ነው። ባየናት ቁጥር አንድ ዓመት እንጨምርባታለን። ሙሽራዋስ ለምን አላረጀችም የሚል አንባቢ ካለ፣ እሷም ነጥታ ነበር፤ ግን ቬሎ ለብሳ ነጭ ሆና የመጣች ሰው መንጣቷ በምን ይታወቃል?

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ያደረግሁት አንድ ነገር ነው፤ ወደ ጓዳው ዳስ ሲቃረብ ተነሥቼ መውጣት። አንድ ቀን ሽንቴ መጣ እላለሁ፣ ሌላ ቀን ዶሮዎቹን ላስገባ እላለሁ፤ ዝናብ ውስጥ በረንዳው ላይ ቆሜ ድምፅዋ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። እኔ አንድ ሰው ካነስኩ፣ በአንድ ሰው ያህል እርጅናዋ ይዘገያል ብዬ ነው። ማንም ልብ ያለኝ አልመሰለኝም ነበር።

ካሴቱ ዴክ ውስጥ እየተንተፋተፈ ሲያስቸግር ክፍሌ ለታምራት አሳየው። ታምራት ከገበያው ቁልቁል ቪዲዮ ቤት ያለው፣ ኮምፒውተር በጨርቅ ሸፍኖ የሚያስቀምጥ ጎረምሳ ነው። የካሴቱን ክዳን ገልጦ በባትሪ አየና እንደ ሐኪም ከንፈሩን መጠጠ።

«ሻጋታው በልቶታል» አለ። «አንዴ ይጫወት ይሆናል። ሁለተኛ ግን አይመለስም። እያጫወትኩ ኮምፒውተሩ ላይ እቀዳዋለሁ፣ ከዚያ ሲዲ ላይ እጽፍላችኋለሁ። ኮምፒውተሩ ቦታ ስለሌለው ያን ዕለቱኑ አጠፋዋለሁ። ስለዚህ ደህና ባዶ ሲዲ ይዛችሁ ኑ። የኔዎቹን አልመክራችሁም።»

ነጋዴ የራሱን ዕቃ አልመክርም ሲል ሰምተው ስለማያውቁ አባባ ወልዴ ታምራትን ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደዱት።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ባዶው ሲዲ ላይ ወደቀ። ካሴቱ አንዴ ይናገራል፤ የሚሰማው ሲዲ ደግሞ መጥፎ ከሆነ አያቴ መታወቂያዋ ላይ ብቻ ትቀራለች። የዚያን ሳምንት ስለ ባዶ ሲዲ የማያውቅ የቦንጋ ሰው ጠፋ። ጀርባው ሐምራዊ የሆነው መሐል ላይ ይደነቅፋል አለ አንዱ። ሐምራዊው ነው የሚሻለው፣ አረንጓዴው ነው የሚረሳው አለ ሌላው። የሳይንስ አስተማሪያችን ወፍራሙን ግዙ አሉ። እናቴ በፕላስቲክ የታሸገውን አለች፤ እሷ ከእንቁላል በቀር ሳይታሸግ የመጣ ነገር አታምንም። ክፍሌ ግን ሲዲውን አስቀድሞ ይዞ ነበር። አዋሳ ላይ ለአንድ ስልጠና ሄዶ ከቦርሳና ከእስክሪብቶ ጋር የታደለው ነው፤ ፊቱ ነጭ፣ ጀርባው ሰማያዊ፣ ማስቀመጫው እንደ መስታወት የጠራ።

«ኦሪጅናል ነው አባዬ» አላቸው። «ሃይ ኳሊቲ! እንደ ገበያው ፎርጅድ አይደለም።»

«ማን መረጠው?»

«አልተመረጠም። ለሁላችንም ታደለን።»

«ላንተ ይሁንህ» አሉ አባባ ወልዴ። «ያልተመረጠ ዕቃ ለእሷ አይሆንም።»

ቅዳሜ እኔን ይዘው ገበያ ወጡ። አባባ ወልዴ ማንኪራ ተወልደው፣ ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅለው፣ በኋላም ማር በመነገድ ያረጁ ሰው ናቸው። ማር ሲገዙ አይቸኩሉም። ሻጩ ይለምናል፣ ይምላል፣ ይቆጣል፤ እሳቸው ማሩን ያያሉ። ማር የሚሸጥላቸው ሰው መማል ከጀመረ ዕቃው ውስጥ ስኳር አለ ማለት ነው ይሉ ነበር። ይህን ዘዴ በኋላ ለብዙ ነገር ተጠቅሜበታለሁ፤ ለፖለቲካ ንግግር በተለይ።

የጋሽ ሰማን ሱቅ ባትሪ ድንጋይ፣ ክር፣ ናይለን ገመድና የቆርቆሮ ሚስማር ይሸጣል። ባዶ ሲዲዎቹ በአንድ የፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተሰክተው ከሚስማሩ ጎን ቆመዋል።

«ደህና ዋሉ አባባ ወልዴ? ዛሬ ማር የለም እንዴ?» አሉ ጋሽ ሰማን።

«ዛሬ ገዢ ነኝ። ያን ባዶውን አውርድልኝ።»

«ሲዲ? ስንት ልስጥዎት?»

«አንድ ነው የምፈልገው። አንተ ሁሉንም አውርድ።»

«አባባ፣ ሁሉም እኮ አንድ ነው!»

«እኔ ማር ሁሉ አንድ ነው ብዬህ አውቃለሁ?»

ጋሽ ሰማን ዘንጉን አወረዱ።

«አገሩ የት ነው?»

«ቻይና።»

«ቻይና ሰፊ ነው ይላሉ። ደጋው ነው ቆላው?»

«አባባ፣ ይሄ እኮ ፋብሪካ የሚያወጣው ነው።»

«ፋብሪካው ደጋ ነው ቆላ?»

ጋሽ ሰማን ወደ እኔ አዩ፤ እኔም መልሱን እየጠበቅሁ ነበር። «ደጋ ነው» አሉ በመጨረሻ። አልማሉም። አባባ ወልዴ ይህን ልብ አሉና የመጀመሪያውን ሲዲ በሁለት ጣታቸው ጠርዝ ጠርዙን ይዘው አነሱ።

ዝናቡ ለትንፋሽ ቆሞ ስለነበር ወደ ደጅ አወጡት። ማር በብልቃጥ አድርገው ፀሐይ ላይ እንደሚያዩ ወደ ሰማይ ይዘው አዩት። ተነፈሱበትና ጉሙ እስኪለቅ ጠበቁ፤ ቶሎ የለቀቀውን ወደ ግራ፣ የዘገየውን ወደ ቀኝ ለዩ። በጥፍራቸው ጠርዙን መታ አድርገው ጆሯቸውን ሰጡት። አሸተቱት። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሰው ተሰበሰበ።

«አባባ፣ እንዳይልሱት ብቻ!» አሉ ጋሽ ሰማን።

«አባባ ወልዴ፣ ንቧስ የት አለች?» አለ አንድ በግ ጎታች ከበስተኋላ።

«አንተ ቤት ገብታ ሥራ ፈት ሆና ተቀመጠች» አሉት ሳይዞሩ። በጉ ራሱ የሳቀ መሰለኝ።

የተጣሉትን ሲዲዎች የምይዘው እኔ ነበርኩ። አንዱን ገልበጥ ሳደርገው ፊቴን አየሁት፤ ከፊቴ ኋላ ደግሞ በግ ጎታቹን፣ የጋሽ ሰማንን፣ የገበያውን ሰው ሁሉ። ደነገጥኩ። ባዶ ነው የተባለው ባዶ አልነበረም። ያየው ሰው ሁሉ ገብቶበታል! አያቴን እዚህ ውስጥ ብናስገባት ከማን ከማን ጋር ልትኖር ነው? ከዚህ ከሚሳለቀው በግ ጎታች ጋር?

«አባባ» አልኳቸው ካባቸውን ጎትቼ። «ሰው ያላየውን እንውሰድ። ከሥር ያለውን።»

«ለምን?»

«የላዩን ሁሉም ሰው አይቶበታል።»

ክፍሌ ቢሆን ስለ ብርሃን ነጸብራቅ ያብራራልኝ ነበር። አባባ ወልዴ ግን ትንሽ አሰቡና፣ «እውነት ነው። የማር ደህናው ከሥር ነው» ብለው ዘንጉን ገለበጡት። ከሥር ያሉት ካለፈው ጊዜ የተረፉ፣ አዲሶቹ ላያቸው ላይ የተደረቡባቸው ናቸው፤ ጀርባቸውም ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ሳይሆን ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ፣ ደመና ቀን የታየ ማር መልክ ያለው። የመጨረሻውን አወጡት። ተነፈሱበት። ጉሙ ቀስ ብሎ፣ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ለቀቀ።

«ይቺ ናት» አሉ።

ጋሽ ሰማን በጋዜጣ ጠቀለሉላቸውና፣ «አባባ፣ እኔ ስጋባ እንዲህ አልመረጥኩም» አሉ።

«ይታያል» አሉ አባባ ወልዴ።

ታምራት ቤት የሄድነው መላው ቤተሰብ ነን። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ አያነጋግርም። ክፍሌ ክራቫት አድርጎ መጥቷል፤ ሁለተኛ የሚሞሸር ይመስል። እናቴ መብራት እንዳይሄድ ለማርያም ተሳለች። ታምራት ካሴቱን አስገባ፤ ዴኩ አጉረመረመ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ነጭ በነጭ የሆነ ሰርግ ታየ። ለሰርጉ የተከራየናት ፒክአፕ በጭቃ ስትመጣ፣ ሚዜዎቹ ሲወርዱ፣ ሙሽራዋ ስትታይ ሳትታይ ስታልፍ አየን። ጓዳው ሲደርስ መውጫ አልነበረኝም፤ በሩን የክፍሌ ጀርባ ዘግቶታል። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አንተ ልጅ፣ በልተሃል?»

ድምፅዋ ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ ከሩቅ መጣ። ከዚያ ከጎኔ፣ በሰው ሱቅ ውስጥ፣ ያው ድምፅ ተከተለ።

«በልቷል፣ በልቷል። አንቺ ተቀመጪ።»

«ምን አሉኝ አባባ?» አለ ታምራት ዞሮ።

ሳቋ አለፈ። ሚዜዎቹ ገብተው እስክስታ እንደጀመሩ ዴኩ ውስጥ የሆነ ነገር ተፈጭቶ ጮኸ፤ ምስሉም ቀጥ አለ። ታምራት ክዳኑን ከፍቶ ቴፑን እንደ አንጀት ጎትቶ አወጣ።

«ኬኩስ?» አለ ክፍሌ። «ኬኩ እኮ አልተቆረጠም!»

«ኬኩን ያኔ በልተነዋል» አለችው እናቴ። «ዋናው ገብቷል።»

ታምራት መጀመሪያ የክፍሌን ሰማያዊ ሲዲ አስገብቶ ጻፈበት። ሲወጣ ክፍሌ ፊቱ ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ «የክፍሌ ሰርግ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሁለት ቀለበት ሣለ፤ ቀለበቶቹ መነጽር ነው የሚመስሉት። ቀጥሎ ማር መልኳ ገባች። መሐል ላይ አምፖሉ ደከመ፣ ቀላ፣ ሊጠፋ ሆነ፤ ታምራት «በስመ አብ» አለ። አምፖሉ ተመለሰ። ሲዲዋ ስትወጣ አባባ ወልዴ በመዳፋቸው ተቀበሏት።

«ትሞቃለች» አሉ። ቀፎ የተቆረጠ ዕለት ማሩን ሲቀበሉ የሚያሳዩት ፊት ነበር።

«ላጫውትልዎት?» አለ ታምራት። «ተጽፎ እንደሆነ እንየው እንጂ፤ ሳናየው በምን እናውቃለን?»

አባባ ወልዴ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ዞረው እኔን አዩኝ። በሩን እያየሁ ነበር።

«ይቆይ» አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሌሎቹ ቀደሙን። እኔና እሳቸው አንድ የኮባ ቅጠል እንደ ጃንጥላ ደፍተን በጭቃው ዳር ዳር እንሄዳለን፤ ሲዲዋ በብብታቸው ነበረች።

«አስቴር» አሉኝ። «እሷ ስትመጣ ሁልጊዜ የምትወጪው ለምንድን ነው?»

ዶሮዎቹን ልል አሰብኩ። «ባየናት ቁጥር ትሸብታለች» አልኳቸው። «እያየን እያስረጀናት ነው።»

ቆሙ። ቅጠሉ ላይ ዝናቡ ሲንጠባጠብ ይሰማል። የሚስቁ መስሎኝ ነበር፤ ወይም ሻጋታ ነው፣ ቴፕ ነው የሚሉ።

«ፀጉሯን እኔም አይቻለሁ» አሉ። መንገዳችንን ቀጠልን።

በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ጓሮ ሆነው በአሮጌ ቆርቆሮ ጣሳ ሰም ሲያቀልጡ አገኘኋቸው። እሳቱ ትንሽ ነው፤ ሰሙ እንዳይንተከተክ ጣሳውን አንዴ ይጥዱታል አንዴ ያወርዱታል። እንደጋለ ሳይሆን በረድ ሲል፣ በዶሮ ላባ እየነከሩ ሲዲዋን በጀርባዋም በፊቷም፣ መሐል ያለው ቀዳዳ ሳይቀር ቀቧት። ይደርቃል፣ እንደገና ይቀባሉ። የማር ቅል አፉ የሚታሸገው እንዲህ ነው። ክፍሌ የመጣው የመጨረሻውን ሲደርቡ ነው።

«አባዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ሻጋታ እንዳይበላት።»

«ማሽኑ በየት በኩል ያንብባት? ዓይኗን እኮ ደፈኑት!»

«ያንተ አለችህ አይደል? ያንተን ተመልከት።»

«ሁለት ያስደረግነው እኮ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካ ነው! ባካፕ ነው አባዬ፣ ባካፕ!»

«እሱን አላውቅም። የተከፈተው ሳያልቅ የታሸገው አይነካም። ማር ቤት አድገህ ይሄን አታውቅም?»

ክፍሌ ራሱን ይዞ ወደ ቤት ገባ። አባባ ወልዴ ሲዲዋን በኮባ ቅጠል እየጠቀለሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ።

«ያቺኛዋን ሰዉ ይያት። ታርጅ። ሰው ያረጃል፣ ምን ይደረጋል። ይቺን ግን ማንም አያያትም። እዚህ ውስጥ እንዳለች ትኖራለች። ገባሽ?»

ገባኝ። ከዚያን ቀን ወዲያ ሰማያዊው ሲዲ ሲጫወት ወጥቼ አላውቅም። «በልተሃል?» ስትል እያየኋት፣ አባባ ወልዴ ሲመልሱላት እየሰማሁ፣ ከቁምሣጥኑ ውስጥ ደግሞ ሌላዋ ጥቁር ፀጉሯን እንደያዘች ተቀምጣለች እያልኩ እቀመጥ ነበር። ሰማያዊው ላይ ነጭነቱ ባለበት መቆሙንም ልብ አልኩ፤ ሲዲ ስለማይሻግት አልመሰለኝም። የሰሙ ሥራ ነው አልኩ።

ክፍሌ ይህን ታሪክ መሥሪያ ቤቱ ወስዶ የሻይ ሰዓት ማሞቂያ አደረገው። «አባቴ ሲዲ በሰም ለሰነ» ይላል፤ ሰዉ ይስቃል። ሳቁ ገበያ ደረሰ። ጋሽ ሰማን ሲያገኟቸው፣ «አባባ፣ ቴሌቪዥኑንም ይቀቡልን» ይሏቸው ነበር። ለሁሉም መልሳቸው አንድ ነው፤ «ሻጋታ እንዳይበላት።» ተምሬአለሁ የሚለው ሁሉ፣ ሻጋታ ፕላስቲክ አይበላም አባባ፣ እያለ አስተማራቸው። እሳቸውም እንደ አዲስ ይሰማሉ። የእኔን ነገር አንድም ቀን ከአፋቸው አላወጡም። ሰው በሕፃን ልጅ እንዳይስቅ፣ ከተማ ሙሉ በራሳቸው ላይ አሳቁ።

ሰማያዊው ሲዲ ዕድሜው አጭር ሆነ። አላረጀም፣ አልተሰበረም፤ ሰዉ ተዋሰው። ያን ጊዜ የሰው ሰርግ መዋስ ወንፊት እንደመዋስ ነው፤ አይሆንም ማለት አይቻልም። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ለእህቷ ልታሳያት ወሰደችው። እህቷ ወደ ደካ ለተዛወረ አስተማሪ ሚስት ሰጠቻት፤ ሴትየዋ ደካ ላይ ብቸኝነት ገድሏት የቦንጋ ሰው ማየት ናፍቋት ነበር አሉ። ከደካ በኋላ ማን ጋ እንደሄደ ማንም አያውቅም። የመስቀል ደመራ ሲለኮስ ሲዲው አልነበረም። እናቴ እያንዳንዱን ቤት ጠየቀች፤ ሁሉም መልሷል። የተዋሱትን የመመለስ ችግር ያለበት ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም፤ ሁሉም መልሷል፣ ዕቃው ብቻ ነው ያልመጣው።

«እንግዲያው የታሸገችውን እንክፈት» አለ ክፍሌ።

«ለምን?» አሉ አባባ ወልዴ። «ያቺ አላለቀችም እኮ። ሰው ቤት ናት።»

እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት ጥቅሉን ይዤ ሳሎን ስገባ የክፍሌ ልጆች ከበቡኝ። ሰሙን በለብታ ውሃ እናንሳው፣ ማንበቢያ ከጅማ እናምጣ፣ ስልካችን ላይ እንጫናት አሉ። አንዳቸውም አያታቸውን አይተዋት አያውቁም፤ የሚያውቁት መታወቂያውን ነው። ሐሳባቸው መጥፎ አይደለም። እኔም ስለ እነዚያ ርካሽ ሲዲዎች ያነበብኩት ሁሉ ቀለማቸው በራሱ ጊዜ ይጠፋል ይላል፤ ምናልባት ከሰሙ ሥር ያለው ባዶ ክብ ፕላስቲክ ብቻ ነው። ምናልባት ከመጀመሪያውም ምንም አልተጻፈባት ይሆናል፤ ታምራት ሊያሳየን ሲል «ይቆይ» ብለናላ። ሊከፍቷት ሲሉ ያስቆማቸው ግን እኔ አይደለሁም። ያን ሁሉ ዓመት ሲስቅ የኖረው ክፍሌ ነው፤ ጢሙ ነጭ፣ ክራቫት የለ።

«የተከፈተችው ማለቋን ማን አየ?» አላቸው።

ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ከአጎቴ ጋር የተስማማሁባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው፤ ይሄ አንዱ ነው። ጥቅሉን ወደ መሳቢያው መለስኩት።

ስለዚህ አንተ፣ ወይም አንቺ፣ ይህን የምታነቡ፤ ጉዳዬ ከእናንተ ጋር ነው። ምናልባት እናታችሁ ደካ ላይ አስተማሪ አግብታ ኖራ ይሆናል። ምናልባት ቤታችሁ ያ የድሮ ሲዲ ሁሉ የተከመረበት፣ ሕፃናት እንደ መስታወት የሚጫወቱበት፣ ወፍ ማባረሪያ ተብሎ በቆሎ ማሳ ላይ የሚንጠለጠልበት ካርቶን አለ። ፊቱ ነጭ፣ ጀርባው ሰማያዊ ነው። በአረንጓዴ እስክሪብቶ «የክፍሌ ሰርግ» ይላል፤ ከሥሩ መነጽር የሚመስል ቀለበት አለው። መልሰናል አትበሉኝ። ይቅርታም አልፈልግም፣ ታሪኩንም አልጠይቅም። ስታመጡ ምሳ አለ፤ በልታችኋል ወይ ብላ የምትጠይቀው ሴት ቤት ነውና ሳትበሉ አትሄዱም። አሁን ተነሡና ካርቶኑን ፈትሹ። ሲዲውን መልሱልን።